ፕሮፌሰር ኡጎ ቸርሌቲና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና

ለመሐንዲስ፣ በሰው አካል ውስጥ የሚያልፍ ኮረንቲ አደጋ ነው። ሽቦውን በጎማ የምንሸፍነው፣ የመሬት መስመር የምንቀብረው፣ ፊውዝ የምናስገባው፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከውሃ የምናርቀው፣ በጠቅላላው ከሙያችን ደንቦች ብዙዎቹን የምንጠብቀው ይህ አደጋ እንዳይደርስ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ አስቦና መጥኖ ኮረንቲን በሰው ጭንቅላት የሚያሳልፍበት አንድ የሕክምና ዘዴ አለ። ዘዴው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ይባላል። ለጽኑ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሆኖ ከታወቀ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ሲነሣ ግን ዛሬም ቢሆን ሰሚውን ያስደነግጣል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለሙያችን ቅርበት ያለው የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ የመረጥኋቸው ይህን ዘዴ ያፈለቁትን ጣሊያናዊ ሐኪም ፕሮፌሰር ኡጎ ቸርሌቲን ነው። እርሳቸው መሐንዲስ አልነበሩም። ሆኖም የተጠቀሙበት ኃይል እኛ የምናመነጨውና የምናከፋፍለው ኃይል ነው። ያስጨነቃቸውም ጥያቄ እኛን በየዕለቱ የሚያስጨንቀን ነው፤ ይኸውም ስንት ቮልት፣ ለስንት ጊዜ፣ በየት በኩል የሚለው ነው። ከዚህም በላይ ታሪካቸው አንድ መሣሪያ ሠራ ማለት ተፈጸመ ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ያስረዳናል። በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. የተባለው የአውሮፓውያን፣ ዓ.ም. የተባለው የእኛ የዘመን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ አሳስባለሁ።

ከእርሳቸው በፊት የነበረው

ኤሌክትሪክን ለፈውስ የመጠቀም ሐሳብ ከቸርሌቲ እጅግ የቀደመ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ፣ ራስ ምታት ለጸናበት ሰው ቶርፔዶ የተባለውን የሚነዝር የባሕር ዓሣ ከነሕይወቱ በግንባሩ ላይ እንዲያደርጉለት ያዝዝ ነበር። የዚህን ሕክምና ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አገራችንንም ሳያነሡ አያልፉም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት፣ እርኩስ መንፈስ አድሮበታል የተባለን ሰው ለመፈወስ የሚነዝረው አምባዛ በአገሩ ሰዎች እጅ ያገለግል እንደነበር ጽፈዋል እየተባለ በእነዚህ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ይህ የአምባዛ ዘር በናይል ውሃ ውስጥ የሚኖር ነው።

ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አእምሮው የታወከበትን፣ ለያዥ ለገናዥ ያስቸገረውን ዘመዱን ይዞ ወደ ጸበል መሄድ ከጥንት የቆየ ልማዱ ነው። ዓባይ ወደሚመነጭበት ወደ ግሽ ዓባይ ከሩቅም ከቅርብም የሚጎርፈው ሕመምተኛ ብዙ ነው። ሐኪሙም ሆነ አጥማቂው፣ እናትም ሆነች ወንድም፣ ሁሉም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ራሱን የሳተው ሰው ወደ ልቡናው እንዲመለስላቸው። ቸርሌቲም በሕይወታቸው ሙሉ የፈለጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ልደታቸውና ትምህርታቸው

ኡጎ ቸርሌቲ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1877 በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን በኮኔሊያኖ ከተማ ተወለዱ። በቶሪኖና በሮም ሕክምና ተምረው ከተመረቁ በኋላ ዕውቀታቸውን ለማስፋት ወደ ፓሪስና ወደ ጀርመን ተጓዙ። በሃይደልበርግ ከፍራንዝ ኒስል፣ በሙኒክ ከኤሚል ክሬፕሊንና ከአሎይስ አልጻይመር ዘንድ ሠርተዋል። ኒስልና አልጻይመር የአንጎልን ሕዋሳት በቀለም እየነከሩ በማይክሮስኮፕ የመረመሩ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ የሁለተኛው ስም ዛሬ በእርጅና ለሚመጣው የመርሳት በሽታ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ትምህርት በቸርሌቲ ላይ ሁለት ነገር አተመ። አንደኛው፣ የአእምሮ ሕመም በአካል ውስጥ፣ ይልቁንም በአንጎል ውስጥ፣ የሚታይ ሥር ሊኖረው እንደሚችል ማመን ነው። ሁለተኛው፣ ሊለካና ሊመዘን ያልቻለን ነገር አለመቀበል ነው። በዘመኑ ግን የአእምሮ ሐኪም በሽታውን ስም ከመስጠት በቀር የሚያደርገው ነገር እምብዛም አልነበረውም። በአውሮፓ የነበሩት ትላልቅ የሕሙማን መጠለያዎች፣ የገባባቸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማይወጣባቸው፣ ዙሪያቸው በግንብ የታጠረ ቤቶች ነበሩ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቸርሌቲ በአልፕስ ተራሮች ከሚዋጋው የጣሊያን ጦር ጋር ዘመቱ። ሁለት ነገሮችን በማሰባቸውም ይታወቃሉ። የመጀመሪያው፣ በበረዶ ላይ የሚዋጋ ወታደር በጠላት ዓይን እንዳይገባ ነጭ ልብስ እንዲለብስ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሁለተኛው፣ የመድፍ ጥይት ከወደቀ በኋላ ቆይቶ እንዲፈነዳ የሚያደርግ ማቀጣጠያ ነው። የኋላ ሥራቸውን ለሚመረምር መሐንዲስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጦር ሜዳ አንድን ኃይል በጊዜ መቁጠሪያ መግታትን የተለማመደው አእምሮ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በሆስፒታል ውስጥ ሌላውን ኃይል በሴኮንድ ክፋይ መጥኖታል።

ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 በሚላኖ አቅራቢያ በሚገኘው የሞምቤሎ ሆስፒታል የነርቭ ምርምር ተቋም ኃላፊ ሆኑ። በ1924 በባሪ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1928 በጄኖቫ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1935 በሮም ዩኒቨርሲቲ የነርቭና የአእምሮ ሕመም ክፍልን ወንበር ያዙ። ያ ዓመት የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

ቸርሌቲ ወደ ኤሌክትሪክ የደረሱት የአእምሮ ሕመምን ለማከም ተነሥተው አልነበረም። የተነሡት ስለሚጥል በሽታ ከነበራቸው ጥያቄ ነው። የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል ደርቆና ጠንክሮ ይገኝ ነበር። ይህ ጉዳት በሽታውን ያመጣዋል ወይስ በሽታው ጉዳቱን ያመጣዋል? ለዚህ መልስ ለማግኘት፣ ሌላ መርዝ ሳይገባበት በንጹሕ ዘዴ እንዲንፈራገጥ የተደረገ እንስሳ ያስፈልጋል። ቸርሌቲ ለዚህ የመረጡት የኤሌክትሪክ ኮረንቲን ነው።

በጄኖቫ ሙከራውን በውሾች ላይ ጀመሩ። አንዱን ኤሌክትሮድ በአፍ፣ ሌላውን በፊንጢጣ አድርገው ኮረንቲ ሲለቁ ውሻው ይንፈራገጥ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሞቱ። ምክንያቱ ለእኛ ግልጽ ነው። ኮረንቲው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ሲጓዝ በልብ በኩል ያልፋል፤ የልብን ምትም ያውካል። ይህን የተረዱት በሮም ረዳታቸው የነበሩት ወጣቱ ሐኪም ሉቺዮ ቢኒ ናቸው። ቢኒ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በግራና በቀኝ ሰሌን ላይ እንዲሆኑ አደረጉ፤ ኮረንቲው በጭንቅላት ብቻ አለፈ፤ ውሾቹም ተንፈራግጠው ሲያበቁ ተነሥተው ሄዱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የምሕንድስና ሥራ ይህ ይመስለኛል። የኃይሉ መጠን ብዙም ሳይለወጥ፣ የሚያልፍበት መንገድ በመለወጡ ብቻ ገዳዩ ነገር የማይገድል ሆነ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሐኪሞች የአእምሮ ሕመምን በአካላዊ መናወጥ ማከም ጀምረው ነበር። በቪየና ዩሊዩስ ቫግነር ያውሬግ ቂጥኝ አንጎላቸውን ያጠቃባቸውን ሕሙማን በወባ ትኩሳት በማከማቸው እ.ኤ.አ. በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ማንፍሬድ ዛኬል በኢንሱሊን ሕሙማንን ወደ ከባድ ሰመመን የሚያስገባ ዘዴ አወጡ። በቡዳፔስት ላዲስላስ ሜዱና በ1934 በካምፎር፣ ቀጥሎም ካርዲያዞል በተባለ መድኃኒት ሕሙማን እንዲንፈራገጡ አደረጉ። ሜዱና የሚጥል በሽታና ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም በአንድ ሰው ላይ አብረው አይኖሩም፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያስወጣል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ አስተሳሰብ በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁለቱም በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁንና ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ በእርግጥ ተሽሏቸዋል። ሐሳቡ ተሳስቶ ዘዴው ግን መሥራቱ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚታይ ነገር ነው።

የካርዲያዞል ችግር መርፌው ከተወጋ በኋላ ሕመምተኛው ራሱን እስኪስት ድረስ በሚያልፈው አጭር ጊዜ ውስጥ የሚይዘው ፍርሃት ነበር። የሞትን ያህል የሚያስጨንቅ በመሆኑ አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው ሁለተኛ መርፌውን ሲያይ ይሸሽ ነበር። ቸርሌቲና ቢኒ በውሾች ላይ የያዙት ዘዴ ይህን ጭንቀት ሊያስቀር እንደሚችል አሰቡ፤ ኤሌክትሪክ ራስን የሚያስተው ወዲያውኑ ስለሆነ ሕመምተኛው ለመፍራት ጊዜ አይኖረውም። ነገር ግን በዘመኑ ኤሌክትሪክ በአሜሪካ ወንጀለኛ የሚገደልበት ኃይል ነበርና በሰው ላይ ለመሞከር አልደፈሩም።

በሮም ቄራ

ድፍረቱን ያገኙት ካልታሰበ ስፍራ ነው። በሮም ቄራ አሳማዎች በኤሌክትሪክ ይገደላሉ የሚል ወሬ ሰምተው ሊያዩ ሄዱ። ያዩት ግን ሌላ ነበር። ሠራተኞቹ በትልቅ መቆንጠጫ የአሳማውን ጭንቅላት በግራና በቀኝ ይዘው ኮረንቲ ይለቁበታል፤ አሳማው ራሱን ስቶ ይንፈራገጣል፤ በዚያን ጊዜ በቢላዋ ይታረዳል። የሚገድለው ቢላዋው እንጂ ኮረንቲው አልነበረም። ያልታረደው አሳማ ጥቂት ቆይቶ ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

ቸርሌቲና ባልደረቦቻቸው ፈቃድ አግኝተው በዚያው ቄራ መለካት ጀመሩ። ኮረንቲው በጭንቅላት በኩል ሲያልፍና በደረት በኩል ሲያልፍ፣ ለሴኮንድ ክፋይና ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሚያመጣውን ልዩነት አንድ በአንድ መረመሩ። ለመንፈራገጥ በሚበቃውና ለሞት በሚያደርሰው መጠን መካከል ሰፊ ርቀት እንዳለ አረጋገጡ። እኛ በድልድይም ሆነ በሕንፃ ሥራ የደኅንነት ህዳግ የምንለው ይህን ነው። ከዚህ በኋላ ቢኒ ቮልቱን የሚቆጣጠርና ጊዜውን በአሥረኛ የሴኮንድ ክፋይ የሚቆጥር መሣሪያ አዘጋጁ።

ሚያዝያ 1930 ዓ.ም.

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1938፣ ማለትም በሚያዝያ 1930 ዓ.ም.፣ የሮም ፖሊስ በባቡር ጣቢያ ሲንከራተት ያገኘውን አንድ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ወደ ቸርሌቲ ሆስፒታል ላከ። ሰውዬው ቲኬት ሳይኖረው ከሚላኖ በባቡር የመጣ፣ ማንም የማይገባው ቃል የሚናገር፣ አጠገቡ ወዳጅ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር። ብዙዎቹ ዘገባዎች በሙያው መሐንዲስ እንደነበረ ይናገራሉ። ሐኪሞቹ ሕመሙ ስኪዞፍሬንያ ነው አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ በእርሱ ላይ እንዲሆንም ተወሰነ።

ቸርሌቲ በኋላ እንደተረኩት፣ በመጀመሪያ 80 ቮልት ያህል ለሴኮንድ ጥቂት ክፋይ ተለቀቀበት። ሰውዬው ሰውነቱ ተኮማትሮ መለስ አለ እንጂ አልተንፈራገጠም፤ ራሱንም አልሳተም። መጠኑ ስላነሰ ሐኪሞቹ እንደገና ከፍ አድርገው ስለመሞከር ሲወያዩ ሰማቸው። ያን ጊዜ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትርጉም የሌለው ቃል ብቻ ሲያወጣ የቆየው ሰው፣ ሁሉም በሚገባቸው ጥርት ያለ ጣሊያንኛ ዳግመኛ እንዳያደርጉበትና እንዳይገድሉት ለመናቸው። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ደነገጡ፤ አንዳንዶቹም ይቅር አሉ። ቸርሌቲ ግን እንዲቀጥል አዘዙ። 110 ቮልት ለግማሽ ሴኮንድ ተለቀቀ። ሰውዬው ተንፈራገጠ፤ ትንፋሹ ቆሞ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያም በረጅሙ ተነፈሰና ረጋ። ሲነቃ ተቀምጦ ዙሪያውን በእርጋታ ተመለከተ። ምን እንደ ደረሰበት ሲጠየቅ እንደማያውቅ፣ ምናልባትም ተኝቶ እንደነበር መለሰ።

ሕክምናው በተከታታይ ተደግሞ ሰውዬው ወደ ልቡናው ተመለሰ፤ ወደ ቤቱና ወደ ሥራውም ሄደ። ከጊዜ በኋላ ግን ሕመሙ ተመልሶበታል። በዚያው ዓመት ሜይ 28 ቀን ቸርሌቲና ቢኒ የሥራቸውን ውጤት በሮም የሕክምና አካዳሚ ፊት አቀረቡ።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የዚያ ሰው የመጀመሪያ ግልጽ ንግግር እምቢታ ነበር። አእምሮው የታወከበት ሰው እንዲናገር የፈለጉ ሐኪሞች፣ በተናገረ ጊዜ አልሰሙትም። ስለ እርሱ ሆኖ የሚከራከር ወንድም፣ የሚያማልድ ሽማግሌ፣ የሚፈርም ዘመድ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ውጤቱ መልካም ሆኖ መገኘቱ ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ ምክንያቱም ኮረንቲው በተለቀቀባት ቅጽበት ውጤቱን ከሐኪሞቹ አንዱም አያውቀውም ነበር።

ያ ወር ለእኛም የማይረሳ ነው። በዚያው በ1930 ዓ.ም. በልግ የጣሊያን ጦር በጎጃም አርበኞች ላይ ከባድ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ በዱር በገደሉ ሲዋጉ፣ በደብረ ማርቆስ የሰፈረው የጠላት ጦር ከምሽጉ ለመውጣት ይቸገር ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ በአዲስ አበባ ዛሬ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚባለው ሕክምና ቤት በጣሊያኖች መሠረቱ ተጣለ። ፕሮፌሰር ቸርሌቲ በወረራው እጅ ነበራቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ እጁ የሚያድን፣ በሌላው የሚገድል መሣሪያ ሊይዝ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ዘዴው በዓለም መስፋፋቱ

የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የመሣሪያው ቀላልነትና ርካሽነት ነው፤ መድኃኒት አይፈልግም፤ በማንኛውም የመብራት መስመር ላይ ይሠራል። ሌላው ምክንያት ስደት ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው በሮም ከቸርሌቲ ዘንድ ይሠሩ የነበሩት ሎታር ካሊኖቭስኪ፣ ጣሊያንም የዘር ሕግ ባወጣች ጊዜ ተሰደው ዘዴውን በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሕክምናው በኒውዮርክ ይሰጥ ነበር።

ውጤቱም በመጀመሪያ ከታሰበው የተለየ ሆኖ ተገኘ። ቸርሌቲ ዘዴውን የሞከሩት በስኪዞፍሬንያ ላይ ነበር፤ ከሁሉ የበለጠ የፈወሰው ግን ጽኑ የመንፈስ ጭንቀትን ነው። ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከንግግር የተለየ፣ ሞትን ብቻ የሚመኝ ሰው ከጥቂት ጊዜ ሕክምና በኋላ ተነሥቶ ሲበላና ሲናገር ታየ። እንደ ድንጋይ ደርቀው ለቀናት የማይንቀሳቀሱ ሕሙማንም ነቁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ላለው ሰው ይህን ያህል የሚረዳ ነገር እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይሁንና ቀላልነቱ ለክፉ ሥራም አመቺ አደረገው። በታላላቆቹ የሕሙማን መጠለያዎች ለመታከም ሳይሆን ለመቀጣት፣ የሚጮኸውን ዝም ለማሰኘት፣ እምቢ ያለውን ለማስፈራራት የዋለበት ጊዜ ነበር። ሕመምተኛው ሳይደነዝዝ ስለሚንፈራገጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ይደርስ ነበር። ብዙዎችም ያለፈ ሕይወታቸውን በከፊል ረስተው ወጡ። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ በሥራ ላይ ሲውል፣ ብዙ ሐኪሞች ፊታቸውን ከኤሌክትሪክ ወደ ኪኒን አዞሩ። በራሷ በጣሊያን ፍራንኮ ባዛሊያ የተባሉት ሐኪም የመሩት እንቅስቃሴ የመጠለያዎቹን ግንብ ተቃወመ፤ በ1978 የወጣውም ሕግ እነዚያ ቤቶች ቀስ በቀስ እንዲዘጉ አደረገ።

መሣሪያውን የፈጸሙት ሌሎች ናቸው

ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ ከሮሙ ሙከራ እጅግ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት ያመጡት ቸርሌቲ ሳይሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ አብራም ቤኔት ኩራሬ የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ የዕፅ መርዝ በመጠን በመስጠት ስብራትን ማስቀረት እንደሚቻል አሳዩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኩራሬ የተሻለና ቶሎ የሚለቅ ሰክሲኒልኮሊን የተባለ መድኃኒት ተገኘ። ሕመምተኛው በማደንዘዣ እንዲተኛና ኦክስጅን እንዲሰጠው ተደረገ። እንግዲህ ዛሬ በአግባቡ የሚታከም ሰው ተኝቶ ነው፤ አካሉም አይንፈራገጥም፤ መንፈራገጡ በአንጎል ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው በመቅጃ መሣሪያ ነው።

የኮረንቲው ዓይነትም ተለውጧል። የመጀመሪያው መሣሪያ ከግድግዳ መስመር የሚገኘውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ እንዳለ ይለቅ ነበር። የዛሬው መሣሪያ ግን ከሚሊሴኮንድ የማይበልጡ አጫጭር ምቶችን ነው የሚልከው። ኮረንቲውም አንድ አምፔር በማይሞላ ጽኑ መጠን ላይ ይያዛል፤ የራስ ቆዳና የራስ ቅል ተቃውሞ ከሰው ወደ ሰው ስለሚለያይ ቮልቱ እንጂ ኮረንቲው እንዲለዋወጥ አይተውም። መጠኑም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለብቻው ተለክቶ ይወሰናል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ኤሌክትሮዶች በአንድ ወገን ይደረጋሉ፤ ይህም የመርሳትን ጉዳት ይቀንሳል። ሕክምናው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሆኖ ባብዛኛው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይሰጣል። የመርሳት ችግር ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይም ይጸናል። ንዝረቱ እንዴት እንደሚፈውስም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተገለጠም።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ በሽቦና በመድኃኒት የመጣ አይደለም። ይህም የሕመምተኛው ፈቃድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ አእምሮ ጤና ሕግ ባወጣው መምሪያ፣ ይህ ሕክምና ሕመምተኛው ተረድቶ ሲፈቅድ ብቻ፣ ያውም በማደንዘዣና ጡንቻ በሚያላላ መድኃኒት ታግዞ እንዲሰጥ ይመክራል። የሚላኖው ሰው የለመነው ነገር፣ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ደንብ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው

የቸርሌቲ ሕይወት ከሌሎች ፈልሳፊዎች የሚለየው በመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው በስተርጅናው የፈለሰፈውን ነገር ሲከላከል ይኖራል። እርሳቸው ግን የገዛ ሥራቸውን የሚተካ ነገር ሲፈልጉ ኖሩ። የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ሁኔታ ባዩ ጊዜ ይህ ነገር መቅረት እንዳለበት በልባቸው አስበው እንደነበር በሽምግልናቸው ለአንድ ባልደረባቸው እንደነገሩ ይነገራል።

አሳባቸው ይህ ነበር። አንጎል በንዝረት ሲናወጥ ራሱን ለማዳን አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ፈውሱ የሚገኘው ከዚያ ንጥረ ነገር ነው፤ ያንን ነገር ለይቶ በመርፌ መስጠት ከተቻለ ማንም ሰው መንዘር አያስፈልገውም። ለዚህም ደጋግመው የነዘሯቸውን አሳማዎች አንጎል እየፈጩ ፈሳሽ አዘጋጁ፤ አክሮአጎኒን ብለውም ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ1948 ከወንበራቸው በጡረታ ከተነሡ በኋላም በዚሁ ምርምር ቀጠሉ። ንጥረ ነገሩ ግን የተመኙትን አላስገኘላቸውም። ለኖቤል ሽልማት ቢታጩም አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1963 በ85 ዓመታቸው በሮም አረፉ። ቢኒም በተከታዩ ዓመት ተከተሏቸው።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

በአገራችን የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ሁሉ መድረሻ ሆኖ ቆይቷል። ከደብረ ማርቆስ የሚነሣ ቤተሰብ የታመመውን ልጁን ይዞ፣ አንዳንዴም አስሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። በ1979 ዓ.ም. በዚያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ፣ ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ፤ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። መንገዱ አጥሯል፤ ነገር ግን ዛሬም በየቤቱ ጓዳ በእግር ብረት ታስሮ የሚኖር ሕመምተኛ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ተስፋም ስጋትም ነው። ከመሣሪያው ጋር ማደንዘዣ ሰጪ ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ የልብና የአንጎል መቅጃ፣ የማይቆራረጥ መብራትና አስተማማኝ የመሬት መስመር ካልተሟላ፣ የሚገባው የዛሬው ሕክምና ሳይሆን የ1930 ዓ.ም. ሕክምና ነው። ሐኪሙ የጎደለውን ሁሉ በዓይኑ ላያይ ይችላል። መሣሪያው የሚለቀው ኮረንቲ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መስማማቱን፣ የጊዜ መቁጠሪያው አለመዛባቱን፣ መብራት ቢጠፋ የትንፋሽ መርጃው አለመቆሙን ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ነው። አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲረከብ ከሽቦው ሌላ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄም አለ፤ ይኸውም በዚህ ክፍል ውስጥ ሕመምተኛው እምቢ ቢል የሚሰማው ማን ነው የሚለው ነው።

ፕሮፌሰር ኡጎ ቸርሌቲ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንከን የሌላቸውም አልነበሩም። ቮልቱንና ሴኮንዱን በጥንቃቄ ለክተዋል። የአሳማውን የሞት ወሰን ሳያውቁ በሰው ላይ እጃቸውን አላነሡም። የለመናቸውን ሰው ቃል ግን በሚዛናቸው ላይ አላስቀመጡትም። ያልመዘኑት ነገር ኋላ ከሠሩት ሁሉ በላይ ከብዶ የሥራቸውን ስም ለብዙ ዘመን አጠቆረው። እነሆ፣ መሣሪያቸው በብዙ እጆች ታርሞ ዛሬም ሰው ያድናል። እኛም በየሙያችን የምንዘረጋው መስመር ሁሉ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው እንዳለ አውቀን፣ ያ ሰው የሚናገረውን ከመለኪያችን ንባብ ጋር እኩል ልናነበው ይገባናል።